ስለ ዲከረንስ ዋግና ከውጭ አገር መርማሪዎች ጋር በወንፈል ስለ መሥራት

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ መንገድ ግራና ቀኝ፥ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ ወረዳ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፥ ባላገሩ በእርሻው ላይ የሚያለማው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ አለ። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወገኑም ከግራር ነው። በአዊ ደጋ የተስፋፋው ከ1990ዎቹ ወዲህ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)፥ በጥቂት ዘመን ውስጥ ከእህል ጋር የሚታሰብ ሀብት ሆኗል። ይህ ትምህርት የዛፉን አተካከል ለማስረዳት የተጻፈ አይደለም፤ ያንን ባላገሩ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የተጻፈው ዛፉን ስላገኘው በሽታ፥ ያንንም በሽታ ቀድመው ካወቁት አገሮች የምርምር ማኅበር ጋር አዊ እንዴት ሊገናኝ እንደሚገባው ለዞንና ለወረዳ ሹማምንት ለማስታወቅ ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ክብደት ለመረዳት ሥራው እንዴት እንደሚዞር ማየት ያስፈልጋል። ባላገሩ በክረምት ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ይሰበስባል፤ በተከታዩ ዓመት በዛፉ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል ወይም ይሸጣል፤ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት ዛፉን ቈርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱንም መልሶ ያርሳል። የአዊ ደጋ አፈር በብዙ ስፍራ ኮምጣጣነት ያጠቃውና በዝናብ ብዛት የታጠበ ስለሆነ፥ ሳያርፍ ሲታረስ እህል ይነፍጋል። ዲከረንስ ግን በሥሩ ላይ ባሉት ጥቃቅን እንክብሎች አማካይነት ናይትሮጅን የሚባለውን ምግብ ከአየር ይይዛል፤ ቅጠሉም ረግፎ አፈሩን ይሸፍናል። ስለዚህ መሬቱ አርፎ ሳለ ገንዘብ ያስገባል። ከሰሉ በጭነት መኪና ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ችግኝ አፍይው፥ ቈራጩ፥ አክሳዩ፥ ጫኙና ነጋዴው ሁሉ ከዚሁ ይበላሉ። የፋብሪካ ግንብና የሂሳብ ሹም ባይኖረውም፥ ይህ በእውነት ኢንዱስትሪ ነው፤ እንደ ኢንዱስትሪ አለመቈጠሩም፥ ከዚህ በታች እንደሚታየው፥ ከጉዳቱ አንዱ ምክንያት ነው።

በ2020 ገደማ በዚህ ዛፍ ላይ ዋግ ታየ። ዋግና አረማሞ በመጻሕፍት አብረው ሲጠሩ የኖሩ የእህል መቅሠፍት ናቸው፤ በዛፍ ላይ ግን ለባላገሩ እንግዳ ነገር ነበር። ምልክቱ በለጋው ቅጠልና በቅጠሉ አንጓ ላይ የሚወጣ ቡናማ እባጭና ነጠብጣብ ነው። ቅጠሉ ይጣመማል፥ ከዚያም ይረግፋል፤ ግንዱ ሙጫ ያወጣል፤ ዕድገቱ ይቀጭጫል፤ ብርቱ ሆኖ የያዘው ወጣት ዛፍም ቆሞ ይደርቃል። ዋግን በዛፍ ላይ አይቶ የማያውቅ ሰው ከሩቅ ሲመለከተው ውርጭ የመታው ሊመስለው ይችላል። ዋጉ ከሻጋታ ወገን ስለሆነ ብናኙ በነፋስ ይጓዛል፤ ሰውም በልብሱ፥ ችግኝም በቅጠሉ ይሸከመዋል። የስንዴ ግንድ ዋግ ዘሩን ለመለወጥ ሌላ ቍጥቋጦ ይፈልጋል፤ ይኸኛው ግን ኑሮው ሁሉ በግራሩ ላይ ብቻ ነው። በአዊ እንዳለው ያለ፥ ዕድሜው እኩል የሆነ፥ ዘሩ አንድ የሆነ፥ ከማሳ ወደ ማሳ ሳይቋረጥ የተያያዘ ተክል ሲያገኝ፥ የሚያግደው ነገር የለም። በሽታው የያዘባቸው ባላገሮች ያልደረሰውን ዛፍ ያለ ጊዜው እየቈረጡ አከሰሉ፤ መልሰው ከመትከል የታቀቡም አሉ።

ጠላትን ለመውጋት ስሙን ማወቅ መጀመሪያ ነው። የዋግ ዓይነቶች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ በዓይን ወይም በአጕሊ መነጽር ብቻ ለይቶ መናገር ያሳስታል፤ ዲ ኤን ኤ የሚባለው የዘሩ ጽሕፈት መነበብ አለበት። በኢትዮጵያ የታየው ዋግ በዚህ መንገድ ሲመረመር ዩሮሚክላዲየም አካሲዬ የሚባለው ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የዛፍ በሽታ ሊቃውንት በተካፈሉበት ጽሑፍ ለዓለም ተገለጸ። ስሙ በታወቀ ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር አብሮ ታወቀ፤ ይኸውም ይህ ዋግ ለአዊ አዲስ ቢሆንም ለአፍሪካ አዲስ አለመሆኑ ነው።

በደቡብ አፍሪካ የናታል አገር ሰዎች በ1864 የዲከረንስን የቅርብ ዘመድ፥ ጥቁር ዋትል የሚባለውን ዛፍ፥ ከአውስትራሊያ አምጥተው ተክለዋል። ከልጡ ቆዳ የሚለፋበት ታኒን ይወጣል፤ እንጨቱም ለወረቀት ይሆናል። ዛፉን የሚያለሙት ሰዎች በ1947 በፒተርማሪትስበርግ ከተማ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተባብረው የዋትል ምርምር ኢንስቲትዩት የሚባል አቋቋሙ። ይህ ቤት በ1984 ሥራውን ወደ ሌሎች ዛፎች አስፍቶ የንግድ ደን ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ። እንደገና በ1990 የደን ኩባንያዎችና ዩኒቨርሲቲ በአንድነት ሆነው፥ የዛፍን በሽታና ተባይ ብቻ የሚጠባበቅ የኅብረት ሥራ ማኅበር ፈጠሩ፤ እርሱም ኋላ ወደ ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በንግድ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ባለሀብቶች ለዚህ አንድ ነገር በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ብናኝ የማንን አጥር እንደሚያልፍ አይመርጥም።

ዋጉ በ2013 በናታል ምድር ድንገት በርትቶ በተነሣ ጊዜ፥ ጠባቂ ሰው በቦታው ነበረ። ናሙናው ወዲያው ወደ ምርመራ ቤት ገባ፤ በ2015 የበሽታው ማንነት ተጽፎ ወጣ፤ ከዚያም በየትኛው ወራት እንደሚበረታ፥ የትኛው መድኃኒት እንደሚገታው፥ ከተዳቀሉት ዛፎች መካከል የትኛው ቤተ ሰብ እንደሚታገሠው መመርመር ተጀመረ። በሽታው ከደቡብ አፍሪካ አልጠፋም፤ ዛፍ አልሚዎቹ ግን ከምን ጋር እንደሚኖሩ ያውቃሉ። እንግዲህ በናታል ከታየበት ጊዜ በአዊ እስከ ታየበት ጊዜ 7 ዓመት ያህል አልፏል። በዚያ ዘመን በእንጅባራ ወይም በአዲስ ቅዳም ያለ የደን ሠራተኛ የበሽታውን ሥዕል እንኳ አይቶ ቢሆን፥ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ማሳዎች ለይቶ ማስቈረጥ፥ ችግኝ ከዚያ እንዳይወጣም ማገድ ይቻል ነበር። ነፋስን ማገድ ባይቻልም ጊዜ ማትረፍ ይቻል ነበር ማለት ነው። ዕውቀቱ ምሥጢር አልነበረም፤ ታትሞ የወጣ ነው። ወደ አዊ የሚያደርሰው ማኅበር ግን አልነበረም።

አገሮች በዛፍ ምርምር መተባበር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የጀርመን፥ የኦስትሪያና የስዊስ የደን ምርመራ ጣቢያዎች በ1892 በኤበርስቫልደ ከተማ ተሰብስበው የዓለም የደን ምርምር ድርጅቶችን ኅብረት መሠረቱ፤ ይህ ኅብረት ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ በቪየና ነው። ለአዊም ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በባንጃና በእንጅባራ ዙሪያ ለሚበቅለው ለደጋው ቀርከሃ፥ በ1997 የተመሠረተውና መቀመጫው ቤጂንግ የሆነው የዓለም የቀርከሃና የራታን ድርጅት ኢትዮጵያን በአባልነት ይዞ ይሠራል።

እንዲህ ያለውን ማኅበር ብዙ ሰው እንደ እርዳታ ይቈጥረዋል፤ ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። በአዊም ሆነ በቀረው ጎጃም ደቦና ወንፈል የተለያዩ መሆናቸውን ልጅ እንኳ ያውቃል። ደቦ የጠራ ሰው ጠላውንና እንጀራውን አሰናድቶ ሰው ይሰበስባል፤ የመጣውም በልቶ ጠጥቶ ሠርቶ ይሄዳል። ወንፈል ግን በቀን ቍጥር የሚመላለስ ጕልበት ነው፤ በሌላው እርሻ ላይ ያልዋለ ሰው በአረም ጊዜ ወገኖቹን ልጥራ ቢል የሚመጣለት የለም። ዓለም አቀፍ የምርምር ማኅበር ወንፈል ነው። በሽታ ገብቶ ዛፍ ሲደርቅ ደብዳቤ መጻፍ ደቦ መጥራት ነው፤ ለዚያውም ድግስ የሌለው ደቦ። አስቀድሞ በየዓመቱ ናሙና የላከ፥ መዝገብ ያካፈለ፥ የሙከራ መደብ በምድሩ ላይ ያስተከለ አገር ግን ቀኑ ሲደርስ የሚጠይቀው ብድሩን ነው።

አገራችን ይህን በስንዴ ረገድ አድርጋዋለች፤ ስለዚህ አይቻልም የሚል ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1998 በኡጋንዳ የታየው ኡጂ 99 የተባለው የግንድ ዋግ ብዙዎቹን የዓለም የስንዴ ዘሮች የሚያጠቃ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፥ በ2005 የዓለም የዋግ መከላከያ ኅብረት ተመሠረተ። ኢትዮጵያ ወደዚህ ኅብረት የገባችው ባዶ እጇን አይደለም፤ የደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ ከኬንያው ንጆሮ ጋር ሆኖ ከብዙ አገሮች የሚመጡትን የስንዴ ዘሮች በዋግ ፊት የሚፈትን ሜዳ ሆነ። ዋጉ በሚበረታበት ምድር መፈተን ለዓለሙ ሁሉ ጥቅም ስለነበረው፥ ችግራችን ራሱ መዋጮ ሆነ ማለት ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የሚባሉትን የታወቁ ዘሮች በመታ ጊዜ፥ በዚያው ዓመት የተለቀቁት ካካባና ዳንዳአ ለመተኪያ ተገኙ። በ2013 ደግሞ ዲገሉ የሚባለው ዘር በባሌና በአርሲ በሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት ተመታ፤ ማኅበር ያለውም ቢሆን ከመመታት ነጻ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ግን የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፥ ሲሚት የተባለው የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል፥ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ተባብረው፥ የዋጉ ብናኝ በነፋስ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያስታውቅ ሥራ አቋቁመዋል። የስንዴ ገበሬ ያገኘውን የዲከረንስ ገበሬ የማያገኝበት ምክንያት፥ ስንዴ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስሙ ስላለና ከሰል ስለሌለው ብቻ ነው።

ታዲያ አዊ ወደ ወንፈሉ ምን ይዞ ይገባል? እጅግ ብዙ ነገር ይዞ ይገባል። ደቡብ አፍሪካውያን በብዛት የመረመሩት ጥቁሩን ዋትል ነው እንጂ ዲከረንስን አይደለም። እነርሱ በሰፊ ይዞታ ላይ መድኃኒት በመሣሪያ ይረጫሉ፤ የአዊ ባላገር ግን በጠባብ ማሳው ላይ፥ ያውም ለከሰል፥ በየዓመቱ መድኃኒት ይግዛ ማለት የማይሆን ምክር ነው። ለእርሱ የሚጠቅመው ዋጉን የሚታገሥ ዘር ነው። ዘር ለመምረጥ ደግሞ ዲከረንስ በብዛት የተተከለበት፥ ዋጉም በብርቱ የሚታይበት ምድር ያስፈልጋል። ደብረ ዘይት ለስንዴ እንደሆነው፥ ፋግታ ለኮማ ለዲከረንስ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መዋጮ ናሙና ነው፤ ይህም ገንዘብ ሳይሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። እባጩ ያለበት ለጋ ቅርንጫፍ ከቅጠሉ ጋር ተቈርጦ በጋዜጣ ወይም በሌላ ደረቅ ወረቀት መካከል ተዘርግቶ ይጫናል፤ ወረቀቱም እስኪደርቅ ድረስ በየቀኑ ይለወጣል። በላስቲክ ከረጢት መክተት ፈጽሞ አይገባም፤ ያልባል፥ ሌላ ሻጋታም ይወርሰዋል። በወረቀቱ ላይ ቀኑ፥ ቀበሌው፥ የቦታው ከፍታ፥ የዛፉ ዕድሜ፥ ችግኙ ከየት እንደ መጣ፥ ከመቶ ዛፍ ስንቱ እንደ ተያዘ ይጻፍ። በደንብ የደረቀ ናሙና ወራት ቢቆይም ለዲ ኤን ኤ ምርመራ ይሆናልና፥ መንገድ ቢዘጋ ወይም መኪና ቢጠፋ ሥራው አይበላሽም። ከተያዘ ማሳ የወጣ ሰው ልብሱንና መጥረቢያውን ሳያራግፍና ሳያጥብ ወደ ችግኝ ጣቢያ አይግባ። ናሙናው በመጀመሪያ የሚደርሰው ለአገር ውስጥ ምርመራ ቤቶች ነው፤ በባሕር ዳር ለአማራ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ወይም ለኢትዮጵያ ደን ልማት ይላካል፤ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም በዚያው በዞኑ ውስጥ አለ።

ወደ ውጭ አገር ሲላክ ግን ጽሑፍ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕግ፥ ይኸውም በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 482፥ የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ይህ ለማሰናከል የተደረገ ሊመስል ይችላል፤ የጤፍን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን ይረዳዋል። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮጳ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በ2009 ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ከስምምነቱ የተጠበቀውን ጥቅም አላገኘችም፤ መብቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ቆየና፥ በሄግ ያለው ፍርድ ቤት በ2018 አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሻረው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በር መዝጋት አይደለም፤ ውሉን አንብቦ መግባት ነው። በውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ተጽፎ እንደ ሆነ ይታይ፤ የናሙናው ግማሽ በአገር ውስጥ መቅረቱ፥ የተገኘው የተሻለ ዘር ለባላገሩ ያለ ክፍያ መመለሱ፥ ናሙናውን የሰበሰቡት ሰዎች ስም በጽሑፉ ላይ መውጣቱ። የመጨረሻው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ የተቀመጠው ቺዝማን የጣናንና የዓባይን ምድር ዞሮ ካርታ ሠርቷል፤ መጽሐፉም በ1936 ታትሟል፤ መንገድ የመሩት የአገሩ ሰዎች ግን እንደ እርሱ በስማቸው አልታወቁም። ስሙ የተጻፈለት ሠራተኛ በሚመጣውም ዓመት ናሙና ይሰበስባል።

ሁለተኛው መዋጮ ገንዘብ ነው። የናታል ዛፍ አልሚዎች የራሳቸውን የምርምር ቤት በራሳቸው መዋጮ እንዳቆሙ ከላይ ተነግሯል። በአዊም ስለ መዋጮ ማስረዳት አያስቸግርም፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ያለበት፥ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ የሚሰበሰብ ሕዝብ ነው። ከሚጫነው ከሰል ላይ በኵንታል ጥቂት ሳንቲም ለዲከረንስ ምርምር ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ፥ ለሙከራ መደብ ጥበቃና ለናሙና መላኪያ ይበቃል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ይህ ገንዘብ ከሌላው ግብር ጋር ተቀላቅሎ ከጠፋ፥ ዳግመኛ የሚያዋጣ አይገኝም፤ ስለዚህ የአልሚዎቹ ወኪሎች ሒሳቡን በየዓመቱ በጉባኤ ፊት ይስሙት።

ሦስተኛው መዋጮ ከሁሉ የሚበልጠውና በየቀኑ በመጥረቢያ የሚጠፋው ነው። ዋግ ባደረቀው ማሳ መካከል አንድ ወይም ሁለት ዛፍ ቅጠላቸው ሳይረግፍ ለምልመው ይታያሉ። ይህ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ዛፉ በተፈጥሮው የሚታገሥ ሆኖም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ዘሩ ተወስዶ ሲፈተን ብቻ ነው። ባላገሩ ግን ማሳውን በአንድ ጊዜ ስለሚያነሣ የደረቀውንና የለመለመውን አብሮ ቈርጦ ያከስላል፤ መርማሪዎች የሚፈልጉት ነገር በጆንያ ተጭኖ ወደ ከተማ ይሄዳል። እርሱን መውቀስ አይገባም፤ አንድ ዛፍ በመካከል ቢተው የሚታረሰውን መሬት ያጠላበታል፥ የሚከፍለውም የለም። ስለዚህ የወረዳው የደን ሠራተኛ ቈረጣ ከመጀመሩ በፊት ማሳውን ዞሮ የለመለመውን ዛፍ በቀለም ያመልክት፤ ቍጥርም ይስጠው። ለባለ ማሳውም ዛፉ ቢከስል የሚያወጣው ዋጋና በሚቆምበት ዓመት የሚቀርበት እህል ተገምቶ ከመዋጮው ይከፈለው። ዛፉ ዘር እስኪያፈራ ይጠበቃል። ዘሩም በየዛፉ ተለይቶ ይለቀማል፤ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ የፈላ ውኃ ፈስሶበት በዚያው ውኃ ያድራል፥ ከዚያም በችግኝ መደብ ይዘራል። ችግኙ በሐምሌ ሲተከል የእያንዳንዱ እናት ዛፍ ልጆች ለብቻቸው በመስመር ይቆማሉ፤ ከአጠገባቸውም ከተራው ዘር የበቀለ መስመር ለማነጻጸሪያ ይተከላል፤ ከተመሳሳዩ ዘርም ከፊሉ በፈቃድ ለማኅበሩ ይላካል።